በመርከብ ወይስ በየብስ? የጋላፓጎስን ደሴቶች ስለ መጎብኘት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዓመቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲያረቅና መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፥ የዓመት ፈቃዱ በደረሰ ጊዜ ሰውነቱን ለማሳረፍና አእምሮውን ለማደስ ቢመኝ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡንና ጊዜውን በምን ላይ እንደሚያውል አስቀድሞ ያላሰበ ሰው፥ ከዕረፍቱ ሲመለስ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደክሞና ከስሮ ይመለሳል። የጉዞው መንገድ በረዘመና ወጪው በከበደ መጠን አስቀድሞ የማሰቡ ግዴታም እየከበደ ይሄዳል።

ዛሬ የምንናገረው የዱር እንስሳትን ለማየት ከሚኬድባቸው የዓለም ሥፍራዎች እጅግ ከታወቁት አንዱ ስለ ሆነው ስለ ጋላፓጎስ ደሴቶች ነው። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ገና ከቤቱ ሳይነሣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። በመርከብ ላይ እያደረ ከደሴት ወደ ደሴት ይዙር? ወይስ ሕዝብ በሚኖርበት ደሴት ሆቴል ይዞ በየቀኑ እየወጣ ይመለስ? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ የምቾትና የዋጋ ጥያቄ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም፥ «ልመለከተው የመጣሁት ፍጥረት የትኛው ነው? የሚኖረውስ የት ነው?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ሥፍራው ጥቂት እንናገር። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉልን። የጋላፓጎስ ደሴቶች ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ ውስጥ፥ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ተበታትነው የሚገኙ፥ ከባሕር ወለል በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወለዱ ምድሮች ናቸው። ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ የኢኳዶር መንግሥት ግዛትም ናቸው። ታላላቆቹ 13 ሲሆኑ፥ ሕዝብ መንደር ሠርቶ የሚኖርባቸው ግን ሳንታ ክሩዝ፥ ሳን ክሪስቶባል፥ ኢሳቤላና ፍሎሬያና የሚባሉት አራቱ ናቸው። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 30,000 አልሞላም ነበር።

እነዚህን ደሴቶች በጽሑፍ ያስታወቁ የመጀመሪያው ሰው የፓናማ ጳጳስ የነበሩት ቶማስ ደ ቤርላንጋ ናቸው። እርሳቸውም በ1535 ዓ.ም. ወደ ፔሩ ሲጓዙ ነፋስ ስለ ጠፋ፥ መርከባቸው በውቅያኖሱ ጅረት እየተወሰደ ሳያስቡት ከዚያ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ወንበዴዎችና የዓሣ ነባሪ አዳኞች እየተመላለሱ፥ ግዙፎቹን የየብስ ኤሊዎች በሕይወታቸው እየጫኑ ለስንቅ ወሰዷቸው። ኤሊ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ብዙ ወራት መቆየት ስለሚችል ለመርከበኛው የማይበላሽ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ዳርዊን የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ቢግል በምትባል መርከብ መጥቶ አምስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያ ያያቸው አዕዋፍና ኤሊዎች በ1859 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ሕያዋን ፍጥረታት አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ ላይ ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው።

የጋላፓጎስ እንስሳት ከሌላው ዓለም እንስሳት የሚለዩበት ታላቅ ጠባይ ሰውን አለመፍራታቸው ነው። በየብስ ላይ የሚያሳድዳቸው ታላቅ አውሬ ሳይኖር ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ፥ ሰው ሲቀርብ መሸሽን አልተማሩም። የባሕር አንበሳ በመንገድ ዳር ተጋድሞ ይተኛል፤ ወፍ በእግረኛው መንገድ ላይ ጎጆዋን ሠርታ እንቁላሏን ትታቀፋለች። ጎብኚውን ከሩቅ አገር የሚስበው ይኸው አለመፍራታቸው ነው፤ ኤሊዎቹን በመርከበኛ እጅ የጣላቸውም ይኸው አለመፍራታቸው ነው። ስለዚህም እንግዳው የሚመርጠው የጉዞ ዓይነት ከራሱ ደስታ አልፎ የእነርሱን ዕድል የሚነካ ነው።

የኢኳዶር መንግሥት ይህን ተረድቶ በ1959 ዓ.ም. ደሴቶቹን ብሔራዊ ፓርክ አደረጋቸው። ዛሬ ከየብሱ ስፋት 97 ከመቶ የሚሆነው የፓርኩ ክልል ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው ያለው ባሕር በሕግ እንዲጠበቅ ተደረገ። በመርከብም ይሂድ በየብስ፥ ሕጉ ለጎብኚ ሁሉ አንድ ነው። ከመንደር አጠገብ ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር፥ ወደ መጎብኛ ሥፍራዎች የሚገባው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። አንድ አስጎብኚ ከ16 ሰዎች በላይ አይመራም፤ ከተመለከተው መንገድ መውጣት፥ እንስሳ መንካትና ከ2 ሜትር ይበልጥ መቅረብ የተከለከለ ነው። እንግዲህ፥ «በየብስ ብሄድ እንደ ልቤ እዘዋወራለሁ» የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ ነጻነት በመንደሩና በአካባቢው የሚያበቃ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ መርከቡ እንምጣ። በጋላፓጎስ የሚዞሩት መርከቦች ከ100 በላይ መንገደኞች እንዳይዙ ተወስኗል፤ ብዙዎቹ ግን 16 ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾች ናቸው። የመርከብ ጉዞ ዋናው ጥቅም እንግዳው ሌሊት ተኝቶ ሳለ መንገዱ ማለቁ ነው። ማታ ከአንዱ ደሴት ተነሥቶ ሲነጋ ራሱን ሰው ከማይኖርበት ሌላ ደሴት ፊት ያገኘዋል። በማለዳ በትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ወደ ማታም እንዲሁ። በመካከሉ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ዓሦቹንና የባሕር ኤሊዎቹን በመነጽር ይመለከታል። ማለዳና ማታ ደግሞ ፀሐይ የምትበርድበትና እንስሳት የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ስለ ሆነ፥ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከዚህም በቀር በየብስ አድሮ በቀን ጉዞ የማይደረስባቸው ደሴቶች አሉ። በምዕራብ በኩል ያለችው ፌርናንዲና ከውጭ የገባ አጥቢ እንስሳ ያልሰፈረባት ምድር ናት። በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የባሕር ኢጓናዎች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩት በእርሷ ነው። ኢጓና ታላቅ እንሽላሊት ሲሆን፥ በዓለም ካሉት እንሽላሊቶች ከባሕር ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው ይህ የጋላፓጎሱ ብቻ ነው። ክንፉ ከማነሱ የተነሣ መብረር የተወው ኮርሞራንት የሚባለው ወፍም የሚኖረው በፌርናንዲናና በኢሳቤላ ጠረፍ ብቻ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው ሄኖቬሳ ደግሞ እግራቸው ቀይ የሆነ ቡቢ የሚባሉ አዕዋፍ በብዛት የሚገኙባት ናት። በስተ ሰሜን ርቀው ወዳሉት ዎልፍና ዳርዊን ወደሚባሉት ደሴቶች የሚሄዱት ጠልቆ መዋኘትን የተማሩ ሰዎች ሲሆኑ፥ እነርሱም በመርከባቸው ላይ ያድራሉ።

የመርከብ ጉዞ ግን የራሱ ጉድለቶች አሉት። የመጀመሪያው የቀኑ ቁጥር ነው። «የስምንት ቀን ጉዞ» ተብሎ በማስታወቂያ የሚሸጠው፥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያና በመንገድ ስለሚያልቅ፥ ሙሉው ቀን ስድስት ብቻ ነው። «የአራት ቀን» የተባለውም ሁለት ሙሉ ቀን ነው። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ያልቆጠረ ሰው በኋላ ቢቆጭ አይደንቅም። ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ መርከቡ ሁሉንም ደሴት የማያሳይ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት አንድ መርከብ በ14 ቀን ውስጥ ወደ አንድ መጎብኛ ሥፍራ ሁለት ጊዜ መመለስ ስለማይፈቀድለት፥ መርከቦቹ በአንዱ ሳምንት በአንድ በኩል፥ በሌላው ሳምንት በሌላ በኩል ይዞራሉ። ስለዚህ እንግዳው የመርከቡን ስምና የክፍሉን ማማር ከመጠየቁ በፊት፥ በዚያ ሳምንት መርከቡ በየት በየት እንደሚዞር መጠየቅ ይገባዋል። የባሕር ኢጓናን ክምችት ለማየት ተመኝቶ፥ ወደ ምዕራብ በማይሄድ መርከብ የተሳፈረ ሰው ስሕተቱ የመርከቡ ሳይሆን የራሱ ነው።

በየብስ የሚያድረው እንግዳስ ምን ያገኛል? ይህኛው በሳንታ ክሩዝ ባለችው ፑዌርቶ አዮራ፥ ወይም በሳን ክሪስቶባልና በኢሳቤላ ባሉት መንደሮች ሆቴል ይይዛል። በሳንታ ክሩዝ ደጋ ላይ ግዙፎቹ ኤሊዎች በሣሩ መካከል እንደ ልባቸው ሲሄዱ ያያል። ቶርቱጋ ቤይ በሚባለው ነጭ የባሕር ዳርቻ በእግሩ ሄዶ ያለ አስጎብኚ የባሕር ኢጓናዎችን ይመለከታል። በየማለዳው ከሚነሡት የቀን ጀልባዎች በአንዱ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሲሞር ቢሄድ፥ እግራቸው ሰማያዊ የሆነ ቡቢዎችንና በጋብቻ ወራት ቀይ ጉሮሮአቸውን እንደ ፊኛ የሚነፉትን ፍሪጌት የሚባሉ አዕዋፍ ያገኛል። ወደ ባርቶሎሜ ቢሄድ ፔንግዊን ሊያይ ይችላል፤ በተፈጥሮ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የሚገኘው የፔንግዊን ዘር ይህ የጋላፓጎሱ ብቻ ነው። ከሳን ክሪስቶባል ተነሥቶ ወደ ኤስፓኞላ የሚደረግ የቀን ጉዞም አለ። በኤስፓኞላ ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ፥ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር የሚበልጠው አልባትሮስ ጫጩቱን ያሳድጋል።

ከዚህ ሌላ በየብስ የሚያድር ሰው የሚያገኘው አንድ ትልቅ ነገር ሰው ነው። ዓሣ አጥማጁ የያዘውን ዓሣ ሲያወርድ፥ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፥ የባሕር አንበሳ በገበያው ዳር ፍርፋሪ ሲለምን ያያል። በደከመው ቀን ያርፋል፤ የሚወደውን ሥፍራ ደግሞ ያየዋል። ሕፃናትን ወይም ሽማግሌዎችን ይዞ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ይህ የጊዜ ነጻነት ብዙ ዋጋ አለው፤ ድንገት ሕመም ቢደርስም ሐኪም በቅርብ ይገኛል።

በየብስ የማደር ጉድለቱ ደግሞ ጊዜ መብላቱ ነው። የቀን ጀልባ ከመንደር ተነሥቶ ወደ ደሴቲቱ ለመድረስና ለመመለስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እንግዳው ከሥፍራው የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ረፋዱ ላይ፥ ፀሐይ በበረታችና እንስሳት በጥላ ባረፉበት ሰዓት ነው። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው መዛወር ደግሞ ዕቃ መሸከምን፥ መፈተሽንና ግማሽ ቀን መተውን ይጠይቃል።

ስለ ባሕር ሕመም የሚነገረውን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ አሳብ አለ። ብዙ ሰዎች፥ «ማዕበል ስለሚያሳምመኝ በየብስ አድራለሁ» ይላሉ። ነገር ግን በደሴቶቹ መካከል መንገደኛ የሚያመላልሱት ፈጣን የሞተር ጀልባዎች ትንንሾች ስለ ሆኑ፥ ሁለት ሰዓት ያህል በማዕበሉ ላይ እየዘለሉ ይሄዳሉ። በእነርሱ ላይ የሚደርሰው መናወጥ በታላቅ መርከብ ላይ ከሚሰማው የባሰ ነው። ሆዱ የማይችል ሰው ሁለት ብልሃት አለው፤ ወይ ተለቅ ባለ መርከብ ላይ በመካከለኛው ክፍል መተኛት፥ ወይም ከአንድ ደሴት ሳይነቃነቅ በሳንታ ክሩዝ ብቻ መቀመጥ። ባሕሩ ይበልጥ የሚናወጠው ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። ከጁን ጀምሮ ከደቡብ በሚመጣው ቀዝቃዛ ጅረት ምክንያት አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ባሕሩ ግን በዚያን ጊዜ ምግብ ስለሚሞላ፥ የባሕር አዕዋፍ በብዛት ይታያሉ። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ሙቀትና ዝናብ ይሆናል፤ ባሕሩም ይረጋል። ስለዚህ ለባሕር የሚፈራ ሰው በዚህኛው ወራት መሄዱ ይሻለዋል።

ወደ ወጪው ስንመለስ፥ ሁለቱም መንገደኞች እኩል የሚከፍሉት አለ። ከኢኳዶር ዋና ከተማ ከኪቶ ወይም ከወደቡ ከተማ ከጓያኪል በአውሮፕላን መሳፈር ግዴታ ነው። ዕድሜው ለደረሰ የውጭ አገር ሰው የሚከፈለው የፓርክ መግቢያ በ2024 ዓ.ም. ከ100 ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ከፍ ተደርጓል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። በመርከብ የሚሄደው ለአንድ ቀን ብዙ መቶ ዶላር ይከፍላል፤ በተዋበው መርከብ ከ1,000 ዶላርም ያልፋል፤ ነገር ግን ምግቡ፥ መኝታውና አስጎብኚው በዚያው ውስጥ ነው። በየብስ የሚያድረው ሆቴሉን በርካሽ ያገኛል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የቀን ጉዞ ለብቻው ስለሚከፈል፥ በየቀኑ በጀልባ ከወጣ በሳምንቱ መጨረሻ ሒሳቡ ወደ መርከቡ ዋጋ እየተጠጋ ይሄዳል። እውነተኛ ቁጠባ የሚገኘው ሁለት ወይም ሦስት የባሕር ጉዞ ብቻ መርጦ የቀረውን ቀን በእግር ለሚያሳልፍ ሰው ነው።

እስካሁን የተናገርነው እንግዳው ስለሚያገኘው ነው፤ ደሴቶቹ ከእንግዳው የሚያገኙትን ደግሞ እንመልከት። መርከብ በመንደር ላይ ሸክም አያበዛም፤ ውኃውንም ጉድፉንም ይዞ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንግዳው ከመንደሩ ሱቅና ምግብ ቤት ስለማይደርስ፥ ገንዘቡ በአብዛኛው ከደሴቶቹ ውጭ ለሚኖሩ ባለ መርከቦች ይገባል። ነዳጅም የራሱ አደጋ አለው። በጃንዋሪ 2001 ዓ.ም. ጄሲካ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በሳን ክሪስቶባል አጠገብ ከምድር ጋር ተላትማ ነዳጅዋ በባሕሩ ላይ መፍሰሱ አይዘነጋም። በየብስ የሚደረገው ጉብኝት በበኩሉ ለነዋሪው እንጀራ ይሰጣል፤ አስጎብኚው፥ ባለ ጀልባውና ባለ ሆቴሉ ከእርሱ ያድራሉ። ዳሩ ግን ሆቴል ሲበዛ ሠራተኛ ይበዛል፤ ሕዝብ ሲበዛ ከዋናው ምድር የሚጫነው ዕቃ ይበዛል፤ ከዕቃውም ጋር የባዕድ አገር ዘር፥ ነፍሳትና አይጥ ይገባል።

የባዕድ ፍጥረት ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ፍየል ምስክር ናት። ሰው ያመጣቸው ፍየሎች በደሴቶቹ ላይ ዱር ገብተው እየተራቡ፥ የኤሊዎቹን ሣርና ቁጥቋጦ ጨርሰው በሉት። በሰሜን ኢሳቤላና በአጠገቡ ባሉት ደሴቶች ላይ ከ1997 እስከ 2006 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ100,000 በላይ ፍየሎች መገደል ግድ ሆነ። ፒንታ በምትባለው ደሴት የነበረው የኤሊ ዘር ግን አልተረፈም፤ የመጨረሻው ተባዕት፥ «ብቸኛው ጆርጅ» የተባለው፥ በ2012 ዓ.ም. ሞተ። ወደ ደሴቶቹ የሚገባ መንገደኛ ሻንጣው የሚፈተሸው፥ ፍራፍሬና ዘር የሚወሰድበትም ስለዚህ ነው። በ2023 ዓ.ም. የጎብኚዎቹ ቁጥር ከ300,000 አልፏል፤ አብዛኞቹም የሚያድሩት በየብስ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ንጹሕ፥ ሌላው በደለኛ ነው ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይጭናል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት፥ በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ሥፍራዎች መካከል ጋላፓጎስ፥ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በአንድነት ነበሩ። ሁለቱ ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የገቡበት ጊዜም ነበር፤ ሰሜን ከ1996 እስከ 2017 ዓ.ም.፥ ጋላፓጎስ ከ2007 እስከ 2010 ዓ.ም.። ስለዚህ በጋላፓጎስ ላይ የሚነሣው ጥያቄ፥ ማለትም እንግዳ የት ይደር፥ በማን ይመራ፥ ገንዘቡስ ለማን ይድረስ የሚለው፥ ዋልያንና ጭላዳን ለማየት በገደሉ አፋፍ ለሚቆም ኢትዮጵያዊም የሚገባ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ምክራችንን በአጭሩ እንሰብስብ። አንድ ሳምንት ብቻ ያለው፥ ገንዘብ የተረፈው፥ የሩቆቹን ደሴቶች አዕዋፍና የባሕር ኢጓናዎችን ለማየት የሚመኝ ሰው መርከብ ይምረጥ፤ ግን ከመርከቡ ውበት አስቀድሞ የጉዞውን መሥመር ይመርምር። ልጆች ያሉት፥ ገንዘቡ የተወሰነ፥ ኤሊዎቹንና የባሕር አንበሶቹን አይቶ ከሕዝቡም ጋር መተዋወቅ የሚወድ ሰው በየብስ ይደር፤ የባሕሩንም ጉዞ ጥቂት አድርጎ ይምረጥ። አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ አራት ወይም አምስት ቀን በመርከብ፥ የቀረውን በየብስ ቢያደርገው ከሁለቱም ይካፈላል። ጊዜውም ገንዘቡም የሌለው ሰው ግን ሁለቱን ደሴቶች በሩጫ ከማየት አንዱን በደንብ ቢያይ ይሻለዋል።

«ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» እንደሚባለው፥ ሰባት ደሴት ረግጦ ምንም ሳያስተውል የተመለሰ ሰው አለ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዲት ወፍ ጫጩቷን ስትመግብ እስክትጨርስ የጠበቀም አለ። ወፊቱ የመጣውን እንግዳ በመርከብ መጣ በየብስ አትለይም፤ የምትለየው በሁለት ሜትር ርቀት የቆመውንና ያልቆመውን ነው። የምትኖርበትን ምድር ለልጆቿ የሚያቆይላትም ይኸው የእንግዳው ጥንቃቄ ነው።